«መብራቱ ለሱዳን ሄዶ ነው» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ሚያዝያ እማዬ ከኮኪት ደወለች። «አንተ ልጅ፣ መብራቱ እኮ ደክሟል። ምጣዱ እንጀራውን አላበስል አለኝ፤ ፍሪጁም ያጓራል እንጂ አያቀዘቅዝም።» መተማ ቆላ በሚያዝያ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪን የሚያልፍበት ወር ነው። እዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ቅንጦት አይደለም።

እኔ ጎንደር ነው የምኖረው። ምን አደረግሁ? ስታቢላይዘር ገዝቼ በአውቶብስ ላክሁላት። የልጅ ወጉን ያደረስኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ አደርኩ። ያ ስታቢላይዘር ቤታችንን ሊያቃጥል ጥቂት ቀርቶት እንደነበር ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ራሴ ኮኪት ስወርድ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ምርመራ የሰፈሩ ሁሉ ምርመራ ነበር፤ «መብራቱ ለሱዳን ሄዶ ነው።» ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከሸኸዲ ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረው መስመር በኅዳር 2006 ዓ.ም. ተመርቆ ኃይል ወደ ሱዳን ሲሸጥ፣ ድንበሩ ላይ ያለ ሰው ማታ ማታ አምፖሉ ሲፈዝ ሁለቱን ነገር ቢያገናኝ አይፈረድበትም። ግን ያ መስመር 230 ሺህ ቮልት ነው። እናታችን ቤት የሚገባው 220 ነው። በሁለቱ መካከል ማከፋፈያ ጣቢያ አለ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር አለ፣ ምሰሶ አለ፣ ቆጣሪ አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዘመድ የዘረጋው ሽቦ አለ። አገር ኃይል ሲያጥራት ብዙ ጊዜ መብራቱ ይጠፋል፣ ፈረቃ ይሆናል። መፍዘዝ ሌላ በሽታ ነው፤ በአብዛኛው የሚነሳው ከመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ነው። እኛ ግን መጥፋትንም መድከምንም በአንድ ስም እየጠራን ጥፋቱን ድንበር እናሻግረዋለን።

ስልክ ለያዛችሁ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። «ስልኬ ቻርጅ እያደረገ ነው፣ ስለዚህ መብራቱ ደህና ነው» አትበሉ። የቻርጀራችሁን ጀርባ አንብቡት፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራል ይላል። ኃይሉ 170 ቢወርድም ስልካችሁ አይሰማውም። ብዙ ኤልኢዲ አምፖልም እንደዚያው ነው፤ ዓይናችሁን ያታልላል። የሚሰማቸው ምጣድና ፍሪጅ ናቸው። ምጣድ ላይ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ሙቀቱ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ፍሪጅ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሞተሩ መነሳት አቅቶት እያጓራ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። እማዬ «ያጓራል» ስትለኝ ምልክቱን በትክክል ነግራኝ ነበር። አላዳመጥኳትም እንጂ።

ኮኪት ከገባሁ በኋላ የሰፈሩን ኤሌክትሪሺያን ይዘን ጀመርን። ሽማግሌ ናቸው፣ ችኮላ አይወዱም። ሽቦ ከመንካታቸው በፊት ጥያቄ ብቻ አዘነቡብን። የጎረቤትም ፈዟል? ሁልጊዜ ነው ወይስ ማታ ብቻ? አንድ ክፍል ነው ወይስ ሁሉም? ምን ሲበራ ነው የሚብሰው? እማዬ መለሰች፤ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት የሁሉም ቤት ትንሽ ይደክማል፤ የእኛ ግን ጠዋትም ቢሆን ምጣድ ሲለኮስ ጭልም ይላል። «በቃ፣ ሁለት በሽታ ነው ያላችሁ» አሉ ሰውዬው። እኔ ስታቢላይዘር የላክሁት ለየትኛው እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።

ከዚያ መልቲሜትር አወጡ። ምጣዱ ጠፍቶ ሳለ ቆጣሪው አጠገብ 212፣ ጓዳ ሶኬት ላይ 210። ደህና ነው ትላላችሁ። እኔም ብቻዬን ብሆን እዚህ ላይ አቆም ነበር። እሳቸው ግን «አሁን ምጣዱን ለኩሽው» አሏት። ቆጣሪው አጠገብ 210፣ ጓዳ 172። 38 ቮልት መንገድ ላይ ጠፋ። ሽቦ ሳይሠራበት ጤነኛ ይመስላል፤ የሚታወቀው ሲሸከም ነው።

ያ 38 ቮልት የትም አልጠፋም፤ ሙቀት ሆኗል። ወደ 500 ዋት ገደማ፣ ማለትም አንድ አነስተኛ ስቶቭ ኮርኒስ ውስጥ ተለኩሶ እንደማለት ነው። ወጥተን አየነው። ለጓሮ ክፍሎች መስመር ሲቀጠል አሉሚኒየሙ ከመዳብ ሽቦ ጋር በእጅ ተጠማዞ በፌስታልና በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሁለቱ ብረቶች አይዋደዱም፤ መገናኛው እየዛገ፣ እየላላ፣ እየጋለ ይሄዳል። ፕላስቲኩ ቀልጦ አጠገቡ ያለው እንጨት ጠቁሯል። የቀጠልነው እኛው ነን። በሰሊጥ ወቅት ለሳሉጎች የምታከራያቸው ክፍሎች ሲጨመሩ ሽቦው እንደነበረ ቀረ፤ 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ፣ ፍሪጅና የተከራይ ስቶቭ ሁሉ በዚያችው መገናኛ ያልፋል።

የእኔ ስታቢላይዘር ምን ሠራ? ስታቢላይዘር ኃይል አይፈጥርም። የሚገባው 160 ሲሆን 220 አድርጎ ለማውጣት ከመስመሩ የበለጠ ከረንት ይስባል፤ 5 አምፔር ይበቃው የነበረው ወደ 7 ይጠጋል። በላላ መገናኛ ላይ ይህ ትርፍ እሳት ነው። ከጎረቤት ጋር በሚጋሩት መስመር ላይ ደግሞ የሰው ድርሻ መሻማት ነው፤ እኔ ስገዛ የጎረቤቴ ይወርዳል፣ እሱም ይገዛል፣ የእኔ እንደገና ይወርዳል። በየከተማው ሱቁን የሞላው ስታቢላይዘር የሰፈርን ችግር በየቤቱ ለመፍታት የምናደርገው ሩጫ ይመስለኛል። ፍሪጅ ያድናል፣ አልክድም። ግን መሸጥ ያለበት «መጀመሪያ መስመርህን አስለካ» ከሚል ምክር ጋር ነው።

አንድ ምልክት ካያችሁ ግን ምርመራ የለም። የእናንተ አምፖል ፈዞ የጎረቤት ከልክ በላይ ቦግ ካለ፣ ወይም የራሳችሁ አንዴ እየፈዘዘ አንዴ እየደመቀ ከተወዛወዘ፣ የመስመሩ ኒውትራል ሳይላላ ወይም ሳይበጠስ አይቀርም። ያኔ 220 የሚጠብቀው እቃችሁ ወደ 380 የተጠጋ ሊደርሰው ይችላል። ዋናውን ብሬከር አጥፉና 905 ደውሉ። ከቆጣሪው በፊት ያለውን ሽቦ ደግሞ ማንም ጎበዝ ነኝ ባይ አይንካው።

መስመራችንን በወፍራም መዳብ ቀየርነው፣ ምጣዱም የራሱን ብሬከር አገኘ። አሁን ምጣድ ተለኩሶ ጓዳ 205 ያነባል። ስታቢላይዘሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

የማታው መድከም ግን አለ፤ እሱ የእኛ አይደለም፣ የሰፈር ነው። እዚህ ላይ ቅሬታ ማቅረብ መብታችን ነው፤ ግን «መብራት ደክሟል» ብቻ የሚል ቅሬታ ማን ምን ያደርገዋል? ትራንስፎርመሩ ሦስት ፌዝ አለው። ቤቶች በአንዱ ፌዝ ላይ ከተጨናነቁ፣ አዲስ ትራንስፎርመር ሳይመጣ ቤቶቹን አዘዋውሮ ማመጣጠን ብቻ ሊበቃ ይችላል። ይህን የሚያሳየው ደግሞ ቁጥር ነው። ስለዚህ የሰፈሩን ልጆች በቴሌግራም ሰብስበን ተስማማን፤ ኤሌክትሪሺያኑ አንድ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በየቤቱ እየዞሩ ይለካሉ፣ እኛ የመልቲሜትሩን መስኮት ከነሰዓቱ ፎቶ እናነሳለን። እስካሁን 12 ቤት ተለክቷል። ከመንገዱ ወዲህ ያለነው ከ180 እስከ 190፣ ወዲያ ያሉት ከ210 በላይ። ሰኞ ፎቶዎቹን አትመን ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንሄዳለን። እማዬም «እኔም እመጣለሁ» ብላለች።