መልሶ መዝፈንም ድርሰት ነው፦ የ«ሪስፔክት» ሁለት ሕይወት

አንድ ዘፈን ከተቀረጸ በኋላ ሌላ ድምፃዊ መልሶ ሲጫወተው ሥራው በተለምዶ «ከቨር» ይባላል። ቃሉ ሲነሣ የመጀመሪያው ሥራ እውነተኛ፣ ተከታዩ ግን ጥላ ተደርጎ ይታሰባል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግም ከዚህ ግምት ብዙ አልራቀም። ይህ ጽሑፍ «ሪስፔክት» (አክብሮት) የተሰኘውን የሪትም ኤንድ ብሉዝ ዘፈን በማስረጃነት በማቅረብ፣ መልሶ መዝፈን ራሱን የቻለ ድርሰት ሊሆን እንደሚችልና ሕጉም ይህን ሊያውቅ እንደሚገባው ይሞግታል።

ዘፈኑን በ1965 እ.ኤ.አ. በራሱ ደራሲነት ለአድማጭ ያቀረበው ኦቲስ ሬዲንግ ነው። በእርሱ አንደበት የሚናገረው አባወራ ነው፤ ሠርቶ ያገኘውን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ እንዲከበር ይጠይቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1967፣ አሬታ ፍራንክሊን ይህንኑ ዘፈን ኒውዮርክ በሚገኘው የአትላንቲክ ስቱዲዮ ቀረጸችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠያቂዋ ሴት ሆነች። ለውጡ ግን በጾታ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የርእሱን ቃል ፊደል በፊደል እየነጠሉ መጥራት በሬዲንግ ሥራ ውስጥ የለም። እህቶቿ ኤርማና ካሮሊን በተቀባይነት የሚደጋግሙት ሐረግም እንዲሁ። ኪንግ ከርቲስ በሳክስፎን የሚጫወትበት መሸጋገሪያም አዲስ ተጨማሪ ነው። ዛሬ አድማጭ ዘፈኑን የሚያስታውሰው በአብዛኛው በእነዚህ ጭማሪዎች ነው። በ1967 በአሜሪካ የፖፕ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው፣ ለሴቶችና ለጥቁሮች የመብት ጥያቄ መዝሙር የሆነውም ይኸው ቅንብር ነው።

ሕጉ ይህን ሁሉ እንዴት አየው? በጊዜው ይሠራበት የነበረው የ1909 ሕግ፣ አንድ ዘፈን በባለመብቱ ፈቃድ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ ማንም ሰው ለእያንዳንዱ ሸክላ 2 ሳንቲም ከፍሎ እንዲቀርጸው ይፈቅድ ነበር። የ1976ቱ ሕግም ድምፃዊው ዘፈኑን ለራሱ በሚስማማ መንገድ እንዲያቀናብር ፈቅዶ፣ ባለመብቱ ካልተስማማ ግን ቅንብሩ የራሱ ጥበቃ እንደማይኖረው ደነገገ። ከሁሉ የሚከፋው የሬዲዮ ጉዳይ ነው። በአየር ሞገድ የሚያሠራጩ የአሜሪካ ጣቢያዎች ለደራሲና ለአሳታሚ ይከፍላሉ፤ ለድምፃዊ እንዲከፍሉ ግን ሕግ አያስገድዳቸውም። ስለዚህ የፍራንክሊን ድምፅ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ክፍያው የሚሄደው ወደ ሬዲንግ ወገን ነው። ለዲጂታል ሥርጭት ክፍያ የሚጠይቅ ሕግ በ1995 ቢጀመርም፣ ከ1972 በፊት የተቀረጹ ሥራዎች በፌዴራል ሕግ የክፍያው ተካፋይ የሆኑት በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፍራንክሊን ካረፈች ሁለት ወር ገደማ አልፎ ነበር።

የጣቢያዎች መከራከሪያ የታወቀ ነው፦ ሬዲዮ ለድምፃዊው ነጻ ማስታወቂያ ነው ይላሉ። ክርክሩ ግን ራሱን ያፈርሳል። ማስታወቂያው ደራሲውንም ይጠቅማል፤ ይሁንና ደራሲው ይከፈለዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ዘፈን ደግሞ ራሱ የጣቢያው ገበያ እንጂ የሌላ ሸቀጥ ማስታወቂያ አይደለም።

ይህ ማለት ግን ከሬዲንግ ድርሻ ይቀነስ ማለት አይደለም። እርሱ ዲሴምበር 1967 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ገና የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ ለቤተሰቡ የተረፈው ሀብትም ድርሰቱ ነው። ያለ እርሱ ግጥምና ዜማ ፍራንክሊን የምትለውጠው ነገር አይኖርም ነበር። ሁለቱን ተፎካካሪ ያስመሰላቸው ከፋዩን ወገን ነጻ ያወጣው ሕግ ነው። መፍትሔው የደራሲውን ድርሻ መቁረስ ሳይሆን፣ ዘፈኑን አሰምቶ የሚያተርፈው ጣቢያ ለድምፃዊም እንዲከፍል ማድረግ ነው። ብዙ አገሮች በተዛማጅ መብት ሕጋቸው ይህን ካደረጉ ቆይተዋል። አክብሮትን በመጠየቅ የታወቀው ዘፈን፣ ዳግም ሕይወት ለሰጠችው ድምፃዊት በአገሯ ሬዲዮ ይህን ያህል አክብሮት መንፈጉ ሊያሳፍር ይገባል።