ይዘቱ የተሰወረ መድኃኒትና የነጋዴ ቃል

ንግድ የሚቆመው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ገንዘብ፣ ሁለተኛው እምነት ነው። ገንዘብ ቢጠፋ ከባንክም ሆነ ከወዳጅ ተበድሮ ሥራን እንደገና መጀመር ይቻላል፤ እምነት ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ አበዳሪ የለውም። ይህን በግልጽ ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ይኸውም ከ1837 እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስ፣ ሁሉን ፈዋሽ እየተባሉ ይሸጡ የነበሩት መድኃኒቶች ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ንግሥቲቱ በነገሡበት በዚያው በ1837 ዓ.ም. ቶማስ ሆሎዌይ የተባለ ነጋዴ በሎንዶን ከተማ አንድ ቅባት ለገበያ አቀረበ፤ ቀጥሎም ክኒን ጨመረበት። በማስታወቂያው ላይ የሚዘረዘሩት በሽታዎች እጅግ ብዙ ስለ ነበሩ፣ ጤነኛ ሰው እንኳ ቢያነበው አንዱን ሕመም የራሱ ሳያደርግ አያልፍም ነበር። ሆሎዌይ ለማስታወቂያ የሚያወጣው ገንዘብ ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ ሄዶ በመጨረሻ በዓመት 50,000 ፓውንድ ያህል ደረሰ። ሸቀጡም ባሕር ተሻግሮ ወደ ብዙ አገሮች ይላክ ነበር። ከሀብቱ ከፍሎ ለሴቶች ያሠራውን ኮሌጅ፣ እርሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1886 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው ተገኝተው መረቁት። ቶማስ ቢቻም ደግሞ በልጅነቱ እረኛ የነበረ ሰው ነው። በየገበያው እየዞረ ክኒን በመሸጥ ጀምሮ፣ ኋላ በሴንት ሄለንስ ከተማ ንግዱን አቋቋመ፤ በየጋዜጣው ያሳትመው የነበረውም ቃል «አንዱ ሣጥን አንድ ጊኒ ያወጣል» የሚል ነበር። አንድ ጊኒ 21 ሽልንግ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ትጋት የሚነቀፍ አይደለም። በሸቀጥ ላይ አንድ ስም አትሞ ያንን ስም በየአገሩ ማሳወቅ፣ መጠኑንና ማሸጊያውን አንድ ዓይነት ማድረግ፣ ለማስታወቂያ ገንዘብ አለመሰሰት፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬም የመልካም ነጋዴ ዘዴዎች ናቸው። ጥፋቱ ስሙ በጕልህ ሲታተም ይዘቱ መሰወሩ ነው። ሕዝቡ መድኃኒቶቹን ባለ ፓተንት እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ ከእነርሱ አብዛኞቹ ፓተንት የላቸውም። ፓተንት የሚጠይቅ ሰው የፈጠራውን አሠራር ለመንግሥት መግለጥ ይገባዋል፤ ሻጮቹ ደግሞ ከሁሉ አብልጠው የሚጠብቁት ምስጢሩን ነበር።

ምስጢሩ በተገለጠ ጊዜ ምን ተገኘ? የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1909 ዓ.ም. «ምስጢራዊ መድኃኒቶች» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ የብዙዎቹን ይዘትና ዋጋ ለሕዝብ አስታወቀ። አንድ ጊኒ ያወጣል የተባለው ክኒን ሲመረመር እሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና ሆኖ ተገኘ። በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉት የ56ቱ ክኒኖች ቅመም ዋጋው ግማሽ ፋርዚንግ ያህል ነበር፤ ፋርዚንግ ማለት የአንድ ፔኒ ሩብ ነው። ገዢው ግን ለሣጥኑ 1 ሽልንግ ከ1 ፔኒ ተኩል ይከፍል ነበር፤ ይህም ከቅመሙ ዋጋ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ማንኛውም ነጋዴ እንደሚያውቀው የቅመም ዋጋ ብቻውን የዕቃ ዋጋ አይደለም፤ ሠራተኛ፣ ማሸጊያ፣ ማስታወቂያና የባለሱቁ ድርሻ አለበት። እሬትም ሆድን ማላላቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሰዎቹ የገዙት የሆድ ማላሻ ሳይሆን የፈውስ ተስፋ ነበር።

በዚያ ዋጋ ላይ ያለችው 1 ፔኒ ተኩል ልዩ ታሪክ አላት። ከ1783 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት በእንደዚህ ያሉ መድኃኒቶች ላይ ቀረጥ ጥሎ፣ ቀረጡ ለመከፈሉ ምልክት የሚሆን ቴምብር በየማሸጊያው ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ። ቴምብሩ የሚመሰክረው ስለ ገንዘብ ብቻ ነበር። ብዙ ገዢዎች ግን የመንግሥቱን ምልክት ባዩ ጊዜ መንግሥት መድኃኒቱን መርምሮ ያጸደቀው መሰላቸው፤ ሻጮቹም ይህን ስሕተት አላረሙም። መንግሥትም ከቀረጡ ገቢ ያገኝ ስለ ነበር ሕጉን ለማጥበቅ አልቸኰለም። እንግዲህ ሐሰት ሳይናገሩ ዝም በማለት ብቻ ማታለል እንደሚቻል ይህ ነገር ያሳያል።

ጉዳዩ በትርፍና በኪሳራ ብቻ ቢወሰን ኖሮ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ኦፒየም በጣፋጭ ሽሮፕ የተበጠበጠበት፣ የጎድፍሬይ ኮርዲያል የሚባል ፈሳሽ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ለማስተኛት በየሠፈሩ ይሸጥ ነበር። ገዢዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካ የሚሠሩ እናቶችና ልጆቻቸውን የሚጠብቁላቸው ሴቶች ነበሩ። እያንዳንዱ ሻጭ በራሱ ልክ ስለሚቀምመው የአንዱ ሱቅ ከሌላው ሱቅ ይበረታ ነበር፤ እናቲቱ ሱቅ በለወጠች ቀን በዚያው ማንኪያ ሰፍራ ብትሰጠው ሕፃኑ ላይነቃ ይችላል። በ1868 ዓ.ም. የወጣው የፋርማሲ ሕግ ኦፒየምን የመሳሰሉትን መርዞች የሚሸጡት የተመዘገቡ መድኃኒት ቀማሚዎች ብቻ እንዲሆኑ ቢደነግግም፣ ባለ ፓተንት የሚባሉትን መድኃኒቶች ከሕጉ ውጪ ተዋቸው።

ለሻጮቹ የሚከራከር ሰው የሚያቀርበው ምክንያት አለ። በዚያን ዘመን ድኻው ለሐኪም የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም፤ ሐኪሞቹም ቢሆኑ ሜርኩሪ ያለበትን ካሎሜል ያጠጡ፣ ደምም ያፈስሱ ስለ ነበር፣ እሬትና ዝንጅብል መዋጥ ከዚያ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አይጠፋም። ገዢው ወድዶ ገዝቷል፤ ማን አስገደደው? ይህ ክርክር በከፊል እውነት ነው። ሆኖም ወድዶ መግዛት የሚባለው የሚገዛውን አውቆ ለሚገዛ ሰው ነው። ይዘቱ ለተሰወረበት ሰው ምርጫ የለውም፤ ያለው ሻጩን ማመን ብቻ ነው።

ይህም እምነት ሕጋዊ ዋጋ እንዳለው አንድ ፍርድ ቤት አስረድቷል። በ1891 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር የካርቦሊክ ጭስ ኳስ ኩባንያ ፖል ማል ጋዜት በተባለው ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ኳሱን እንደ መመሪያው በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለሚይዘው ሰው 100 ፓውንድ እንደሚከፍል፣ ለዚህም ቁም ነገር ማረጋገጫ 1,000 ፓውንድ በአሊያንስ ባንክ ማስቀመጡን ገለጠ። ወይዘሮ ካርሊል ኳሱን በ10 ሽልንግ ገዝተው እንደ ታዘዘው ሲጠቀሙ ቆይተው፣ በጃኑዋሪ 1892 ዓ.ም. በሽታው ያዛቸው። ገንዘቡን ቢጠይቁ ኩባንያው ማስታወቂያው የገበያ ጕራ እንጂ ውል አይደለም ሲል ተከራከረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ክርክሩን ውድቅ አድርጎ፣ በባንክ ገንዘብ አስቀምጫለሁ ብሎ ያስታወቀ ሰው ቀልዴን ነበር ማለት እንደማይችል ወሰነ፤ ወይዘሮዋም 100 ፓውንዳቸውን አገኙ። ያ ፍርድ ዛሬም የውል ሕግ በሚማሩ ተማሪዎች ዘንድ ይጠናል።

የሕግ አውጪዎቹ ጕዞ ግን ከዳኞቹ ይልቅ ዘገየ። የእንግሊዝ ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ሪፖርቱን ያወጣው በ1914 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት በፈነዳበት ሰሞን ስለ ነበር፣ ነገሩ ተዘነጋ። የመድኃኒቱ ይዘት በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ያስገደደው፣ ቀረጡንና ቴምብሩንም ያስቀረው ሕግ የወጣው በ1941 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የተጎዳው ገዢው ብቻ አልነበረም። መድኃኒቱን በትክክል ቀምሞ፣ ይህ ለዚህ በሽታ ይረዳል፣ ለዚያኛው አይረዳም እያለ የሚሸጥ ሐቀኛ ቀማሚ፣ ሁሉን አድናለሁ ከሚል ጎረቤቱ ጋር መወዳደር ነበረበት። እውነት የሚናገር ነጋዴ ሁልጊዜ ከሐሰተኛው ያነሰ ተስፋ ይሸጣልና፣ ሕግ በሌለበት ገበያ ቅንነት ራሷ ኪሳራ ትሆናለች።

ከዚህ ታሪክ አስመጪውም፣ ላኪውም፣ ባለሱቁም የሚወስደው ነገር አለ። በውስጡ ያለውን የማያውቀውን ዕቃ ለደንበኛው የሚያቀርብ ባለሱቅ፣ የማያውቀው ሰው ለሰጠው ቃል በራሱ ስም ዋስ መሆኑ ነው፤ ደንበኛው ፋብሪካውን አላየም፣ ያየው ባለሱቁን ነው። አስመጪው የጉምሩክ ደረሰኝና የማስገቢያ ፈቃድ ቀረጥ ለመከፈሉና ሥርዐት ለመፈጸሙ እንጂ ለዕቃው ፍቱንነት ምስክር አለመሆናቸውን ማወቅ፣ ለገዢውም እንደዚያ አድርጎ አለማሳየት ይገባዋል። በማስታወቂያ ቃል የሚሰጥ ላኪም፣ ያንን ቃል በፍርድ ቤት ፊት ቆሞ ሊደግመው የማይደፍር ከሆነ ባያሳትመው ይሻለዋል።

አበው ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የሆሎዌይ ኮሌጅ ዛሬም ቆሟል፤ ክኒኑ ግን ማንንም የሚፈውስ ሆኖ አልተገኘም። ነጋዴ ስሙ ከሸቀጡ ጋር አብሮ እንዲከበር ቢፈልግ፣ ስሙን ባተመበት ማሸጊያ ላይ ይዘቱንም አብሮ ያትም።