የትኛዋ ዶሮ ለየትኛው ቤት?



ዶሮ ለማርባት ያሰቡ እህቶችና ወጣቶች ብዙውን ጊዜ «ብዙ እንቁላል የምትጥለው የቷ ዶሮ ናት?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «በእኛ ግቢና በእኛ አቅም» የሚለው ነው። ከዕቁብ የተገኘ ገንዘብ ወይም ለልጆች ትምህርት የተቀመጠ ጥሪት በማይሆን ዝርያ ላይ ሲውል ጉዳቱ ከእንቁላል ማነስ ያለፈ ነውና በዚህ እትም ስለ ዝርያ ምርጫ እንወያያለን።

በአገራችን ገበያ ዶሮ የሚጠራው በአብዛኛው በሁለት ስም ነው፤ የሐበሻና የፈረንጅ ተብሎ። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። «የፈረንጅ» በሚለው ስም ሥር ለእንቁላል የተዳቀለችውም፣ ለሥጋ የተዘጋጀችውም፣ ለሁለቱም የምትሆነውም አብረው ይሸጣሉና።

የሐበሻ ዶሮ

የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከ12 እስከ 15 ያህል ከጣለች በኋላ መታቀፍ ትፈልጋለች፤ 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን እየመራች ሳምንታት ትቆያለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አትጥልም። በአንጻሩ ምግቧን ራሷ ጭራ ታገኛለች፣ ጭልፊት ሲመጣ ታመልጣለች፣ ምትኳንም ራሷ ትፈለፍላለች። መኖ መግዛት ለማይችልና ሰፊ ግቢ ላለው የገጠር ቤተሰብ ከእርሷ የተሻለ ጅማሮ የለም።

እንቁላል ጣይ ድቅሎች

ቦቫንስ ብራውን፣ ሎህማን ብራውንና አይ ኤስ ኤ ብራውን የሚባሉት ቡናማ ዶሮዎች ለእንቁላል ብቻ የተዳቀሉ ናቸው። በ5 ወር ዕድሜያቸው ገደማ መጣል ይጀምራሉ፤ አያያዛቸው ከተሟላ በዓመት ወደ 300 እንቁላል ይደርሳሉ። መታቀፍ ተመርጦ እንዲጠፋ የተደረገባቸው በመሆኑ ጊዜያቸውን በዚያ አያባክኑም።

ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚገኘው በሙሉ መኖና በብርሃን ነው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች። 10 ዶሮ ያለው ቤት በወር 35 ኪሎ ያህል ይፈጃል ማለት ነው። በቀን እስከ 16 ሰዓት ብርሃንም ይጠቅማቸዋል፤ የአገራችን ቀን ደግሞ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ቀሪው በመብራት ይሟላል። በማዕድ ፍርፋሪ ብቻ ብናኖራቸው እንቁላሉ ይቀንሳል፣ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ዶሮዋም ትጎዳለች።

ሌላም ነገር ልብ ይሏል። የእነዚህን ድቅሎች እንቁላል አስፈልፍለን የሚወጣው ጫጩት እናቱን አይተካም። ስለዚህ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ መጣላቸው ሲቀንስ አዲስ ቄብ መግዣ ከእንቁላሉ ሽያጭ አስቀድሞ መቆጠብ አለበት።

መካከለኞቹ

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚቆሙም አሉ። ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ጅማና ወደ ዓለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች ገብተው ከነበሩት ዝርያዎች ይገኙበታል። ሌግሆርን መሠረቷ ጣሊያን ነው፤ ሰውነቷ ቀላል፣ እንቁላሏ ነጭ ነው፤ ድንጉጥ ስለሆነች ግን ጫጫታ በበዛበት ግቢ አትረጋጋም። ሮድ አይላንድ ሬድ ከበድ ያለች፣ ቡናማ እንቁላል የምትጥል፣ ለሥጋም የምትሆን ናት። የግብጿ ፋዮሚ ሙቀትን በመቋቋም ትታወቃለች፤ እንቁላሏ ግን ትንሽ ነው። ዝንጉርጉሯ ኮኮክ በደቡብ አፍሪካ የተዳቀለች ሲሆን ከድቅሎቹ ያነሰ፣ ከሐበሻዋ ግን እጅግ የበለጠ ትጥላለች። ግማሽ ቀን በግቢ የምትጭር፣ ግማሹን መኖ የሚጨመርላት ዶሮ ለሚፈልግ ቤተሰብ እንዲህ ያሉት ይስማማሉ።

ስንገዛ

አንደኛ፣ ዝርያውን በስሙ እንጠይቅ። በቡናማዎቹ ድቅሎች ዘንድ የአንድ ቀን ጫጩት ጾታ በቀለሙ ይለያል፤ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በጣይ ዶሮ ስም ወንድ ጫጩት ተሸክሞ አይመለስም።

ሁለተኛ፣ የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባት መቼ እንደተሰጠ እንጠይቅ። ፈንግል ገብቶ በቀናት ውስጥ ቆጡን ባዶ ሲያደርግ ያልታየበት መንደር ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፣ ልምድ የሌለን ከሆንን የአንድ ቀን ጫጩት ከመግዛት 3 ወር የሞላት ቄብ መግዛት ይሻለናል። ዋጋዋ ቢወደድም ሙቀት የሚፈልገውንና ብዙ የሚሞትበትን ጊዜ አልፋለች።

አራተኛ፣ ለምግብ እንቁላል አውራ ዶሮ አያስፈልግም። አውራ የሚያስፈልገው ለማስፈልፈል ብቻ ነው፤ የእርሱ መኖ ለሴቶቹ ይዋል።

ሻጮችም አማና አለባቸው። የዶሮዋን ዕድሜ ወይም በሽታ ደብቆ መሸጥ የገዢውን ቤት መጉዳት ነው፤ በሃይማኖታችንም የዕቃን ጉድለት ደብቆ መሸጥ የተከለከለ ነው።

ከመወሰናችን በፊት አንድ ወረቀት ይዘን እንቀመጥ። 10 ጣይ ዶሮዎች በቀን 8 እንቁላል ቢሰጡን በሰፈራችን ዋጋ ስንት ይሆናል? ከ1 ኪሎ ከ150 ግራም መኖ ዋጋ ጋር ሲተያይስ ምን ይተርፋል? ቄቦቹ መጣል እስኪጀምሩ የሚበሉትን ከየት እናመጣለን? መልሱ ካላስደሰተን አምስት ዶሮ ይዘን እንጀምር፤ ወይም ከሐበሻዋ ጋር እንቆይ። ትርፉ ከታየ ቁጥሩን ማሳደግ ሁልጊዜ ይቻላል።

በሚቀጥለው እትም በቤት ውስጥ መኖ ስለማዘጋጀት፣ ማለትም በቆሎን፣ ፉርሽካን፣ የኑግ ፋጉሎንና የኖራ ድንጋይ ዱቄትን ስለማመጣጠን ይዘን እንቀርባለን፤ ኢንሻ አላህ።