የማሳመን ቋንቋ ከተግባር ሲለይ ዋጋ ያጣል፤ የደቡብ ጎንደር ተሞክሮ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርቶች ውስጥ «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ተፈጥሯል» የሚል ዐረፍተ ነገር ማንበብ የተለመደ ነው። ይሁንና በመድረክ ላይ መናገርና አድማጭን ማሳመን የተለያዩ መሆናቸውን የደቡብ ጎንደር ዞን ታሪክና የልማት ተሞክሮ በግልጽ ያመለክታሉ።

የዞኑ ርዕሰ ከተማ ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ እንደነበረች ይታወቃል። ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተሰኘ ከባድ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ፣ በመንገድ ሥራው ላይ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ሠራዊታቸውን ያበረታቱ እንደነበር በወቅቱ አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ይህ ተግባር ከአዋጅ ይልቅ ተሰሚነት ነበረው። በአንጻሩ ለሠራዊቱ ስንቅ ሲባል የበጌምድር ገበሬ ሀብቱን በኃይል ሲነጠቅና በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ስትቃጠል፣ ያው የንጉሠ ነገሥቱ ቃል አድማጭ አጣ፤ ሠራዊቱም እየከዳ ተመናመነ።

ተመሳሳይ ትምህርት ከአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ማግኘት ይቻላል። በደርግ ዘመን በአገሪቱ ደጋማ አካባቢዎች ለሥራ በሚከፈል እህልና በትእዛዝ ሰፋፊ የእርከን ሥራዎች ተከናውነዋል። ሆኖም እርከኑ ማሳ እንደሚያጠብና ለአይጥ መራቢያ እንደሚሆን አርሶ አደሩ ያነሣው የነበረው ቅሬታ በቂ ምላሽ ባለማግኘቱ፣ ከ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ በኋላ በርካታ እርከኖች ፈርሰዋል። ሥራው ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ግን አላመነበትም ነበር።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች አፈር ጠርገው ወደ ጣና ሐይቅ ይወስዳሉ። በመሆኑም የጉና አካባቢ አርሶ አደር በእርከን ሥራ ማመን አለማመኑ ከቀበሌው አልፎ ሐይቁን የሚነካ ጉዳይ ነው።

በንግዱ መስክ የፎገራ ሩዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሩዝ በአካባቢው ነባር ሰብል አልነበረም። አርሶ አደሩ የተቀበለው ክረምት ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ምርት ሲሰጥ፣ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሲሆን፣ ገለባውም ለከብት መኖ ሲውል በዐይኑ በማየቱ ነው። ነጋዴውና የወረታ የመፈልፈያ ባለቤቶች ገበያ ያገኙትም ሸማቹ የሚያውቀውን እንጀራ መነሻ በማድረጋቸው ጭምር ነው።

ከዚህ አንጻር የመንግሥት ሠራተኛው ሦስት ነገሮችን ሊያጤን ይገባል። አንደኛ፣ ንግግሩን ከመመሪያው ሳይሆን ከአድማጩ ጥያቄ መጀመር ይኖርበታል። «የተፋሰስ ልማት ንቅናቄውን እናጠናክር» ከማለት ይልቅ «ይህ እርከን ክረምት የሚሄደውን አፈራችሁን ያስቀርላችኋል» ማለት የበለጠ ይገባል። ሁለተኛ፣ ጥቅሙን ሲናገር ጉዳቱን መደበቅ አይገባውም። እርከኑ ከማሳው ላይ ቦታ እንደሚወስድ አስቀድሞ ገልጾ፣ በዳሩ ላይ የሚተከለው ሣር ለመኖ እንደሚውል ቢያስረዳ ይታመናል። ሦስተኛ፣ በሥልጣኑ ሥር የሌለውን ነገር ቃል ከመግባት መቆጠብ አለበት።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የደረሰው ግጭት በመንግሥት ሠራተኛውና በኅብረተሰቡ መካከል ያለውን መተማመን ፈትኖታል። እንዲህ ባለ ወቅት መድረክ ማብዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የስብሰባው ውጤት መለካት ያለበት በተሰብሳቢው ቁጥር ሳይሆን፣ ከዓመት በኋላ በማሳው ላይ ሳይፈርስ በሚገኘው እርከን ነው።