በሩ የተዘጋው ልጁ ሥራ ላይ ስለሆነ ነው

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ቅሬታ እየፈጠረ ነው። ልጁ ወይም ልጅቷ ተምረው ጥሩ ሥራ ይዘዋል። ሆኖም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከቤት አይወጡም፤ ጠዋት ቡናቸውን ይዘው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ። ታላላቆቻችንም «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ? አባረሩህ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው። እናንተ እዚህ አገር ከገባችሁ ጀምሮ ሥራ ማለት በጨለማ ተነሥቶ አውቶቡስ መያዝ፣ ካርድ መምታት፣ ማታ ደክሞ መመለስ ነበር።

እኔ ግን እዚሁ ሃይፋ ተወልጄ ያደግሁ ልጃችሁ ሆኜ አንድ ነገር ልበላችሁ፦ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ልጅ ሥራ ፈት አይደለም፤ የሥራ ሰዓቱም የቤተሰቡ ትርፍ ሰዓት አይደለም። ይህን ካልተቀበልን ልጆቻችን በስንት ድካም ያገኙት ቦታ ይጎዳል ብዬ እፈራለሁ።

ነገሩ የተስፋፋው በ2020 ኮሮና ሲገባ ነው። ቢሮዎች ተዘጉ፣ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ይዞ ቤቱ ገባ። በሽታው ካለፈ በኋላም ብዙ ቀጣሪዎች ግማሹን ሳምንት በቢሮ፣ ግማሹን በቤት ማሠራት ቀጠሉ። በተለይ ሃይቴክ እንዲህ ነው። የኛ ከተማ ደግሞ ለሃይቴክ እንግዳ አይደለችም፤ ኢንቴል ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የልማት ማዕከሉን የከፈተው በ1974 እዚሁ ሃይፋ ውስጥ ነው። ቤት የተቀመጠው ልጅ አለቃው አጠገቡ ባይቆምም ያየዋል። በዙም ስብሰባ አለ፣ ሥራው በቀን ተወስኖ ይሰጣል፣ መልእክት ሲመጣ ወዲያው መልስ ይጠበቃል።

ታዲያ ይህ ለኛ ማኅበረሰብ አዲስ ነገር ነው እንዴ? አይደለም። በጎንደር አገር የቤተ እስራኤል አባቶች ብረቱን የሚቀጠቅጡት፣ ሸማውን የሚሠሩት ከቤታቸው ደጃፍ ነበር። እናቶችም ሸክላውን አበጅተው የሚተኩሱት እዚያው መንደራቸው ነው፤ ጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ወለቃ እስከ ዛሬ በሸክላዋ ትታወቃለች። ብረቱ ግሎ ወናፉ እየተነፋ ሳለ «ቤት ነህ አይደል? እስቲ ማዶ ደርሰህ ና» ብሎ ቀጥቃጩን የሚልክ አልነበረም። ብረቱ ይቀዘቅዛላ! ደግሞም ሥራው እየተፈለገ ሠሪው ሲናቅ ምን ያህል እንደሚያም ከናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ማረሻውን የሚገዛው ሰው ራሱ አልነበረም እንዴ ዞር ብሎ «ቡዳ» እያለ የሚሳደበው?

የዛሬውም ልጅ ብረት እንዲሁ ይቀዘቅዛል። ከቢቱዋህ ለኡሚ ደብዳቤ ሲመጣ «ና አንብብልኝ» ይባላል። ኩፓት ሆሊም ቀጠሮ ሲኖር «አድርሰኝ፣ ለዶክተሩ አስረዳልኝ» ይባላል። ለቅሶ ሲሆንማ «ቤት ተቀምጠህ እንዴት ትቀራለህ?» የሚለው ወቀሳ ከባድ ነው። በሴት ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል፦ ቡናውን አፍይ፣ እንግዳውን ተቀበይ፣ የእኅትሽን ልጅ ያዥልኝ። እሷ በጆሮዋ ስብሰባ እየሰማች በእጇ ሕፃን ታባብላለች። ወንድሟ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ «ይሠራል» ይባላል፤ እሷ ስትዘጋ «ኮራች» ትባላለች። ይህ ልክ አይደለም።

እንዳትቀየሙኝ፤ አባትን ማገዝ፣ ለቅሶ መድረስ ይቅር አላልኩም። ያ ከቀረ እኛነታችን ምኑ ላይ ይቀራል? የምለው ሰዓት ይኑረው ነው።

በሌላ በኩል ልጆቻችን ጠቅልለው ቤት ይግቡ የሚለውንም አልደግፍም። አንደኛ፣ ቤቶቻችንን እናውቃቸዋለን። ሀዳር ሃካርሜል አሮጌ ሰፈር ነው፤ ብዙው ሕንፃ መንግሥት ከመመሥረቱ በፊት የተሠራ ነው። ማማድ ግን በሕግ ግዴታ የሆነው ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ነው። በጠባብ ቤት ውስጥ አያት ቴሌቪዥን ይከፍታሉ፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሲሬና ሲጮህ ሁሉም በደረጃ ወደ ሚቅላጥ ይሮጣል። የራሱ የሥራ ክፍልና ማማድ ካለው ሰው ጋር ውድድሩ እኩል አይደለም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ሠራተኛ መታየት አለበት። የሌላው ልጅ አጎቱ ወይም የአባቱ የጦር ጓደኛ እዚያ መሥሪያ ቤት ሊኖር ይችላል፤ ቤት ቢቀመጥም ስሙን የሚያነሣለት አለ። የኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው የገባው። ሥራውን የሚለምደው፣ የደመወዝ ጭማሪ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚሰማው፣ አለቃው ስሙን የሚይዝለት በቡና እረፍት ላይ ነው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባል የለ? ስለዚህ ሥራ የጀመረ ልጅ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ቢሮ ቢያዘወትር ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። «ከቤት ወይስ ከቢሮ?» ብሎ መምረጥ የሁሉም ዕድል አይደለም። ወለል የምታጸዳ፣ አረጋዊ የምትንከባከብ፣ በር የሚጠብቅ፣ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሥራውን ቤቱ ሊያመጣው አይችልም። በኮሮና ጊዜ ሌላው ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ ብዙ እናቶቻችን ሆስፒታል ሊያጸዱ ወጥተዋል። በጁን 2025 ከኢራን ጋር በተደረገው ጦርነትም ብዙው ሠራተኛ ቤቱ ሲቀር የሃይፋ ነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኞች ሥራቸው ላይ ነበሩ፤ ሚሳይል ወድቆ ሦስቱን ገደላቸው። ስለዚህ ቤቱ ተቀምጦ ደመወዝ የሚያገኝ ወጣት፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ የወጣችው እናቱ ለዚህ እንዳበቃችው ይወቅ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ልጆች ሆይ፣ መጀመሪያ የኛ ድርሻ ነው። የሳምንቱን ፕሮግራም ለወላጆቻችን አስቀድመን እንንገራቸው፦ በየትኛው ቀን ቢሮ ነን፣ በየትኛው ቤት ነን፣ ስንት ሰዓት እንጨርሳለን። ምን እንደምንሠራም ኮምፒውተሩን ከፍተን እናሳያቸው። ያላዩትን ሥራ እንዲያከብሩልን መጠበቅ አይገባም። ለደብዳቤና ለስልክ ጉዳይ ደግሞ ቋሚ ሰዓት እንስጣቸው፤ ዓርብ ጠዋት ሰንበት ሳይገባ ለብዙ ቤት ይመቻል። የሐኪም ቀጠሮም አስቀድሞ ከተነገረን ፈቃድ ጠይቀን አብረን እንሄዳለን።

ከናንተ ከሽማግሌዎቻችን የምለምነው ደግሞ አንድ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ የምታስታርቁት፣ በሠርግና በለቅሶ ቃላችሁ የሚሰማው እናንተ ናችሁ። በቀን ለቅሶ ያልመጣ ልጅ ሲታማ፣ «ሥራ ላይ ነው፤ ማታ ይደርሳል» የሚለው ቃል ከናንተ አፍ ይውጣ። ከኛ አፍ ሲወጣ ሰበብ ይመስላል፤ ከናንተ ሲሰማ ግን ሥርዓት ይሆናል።