ራጅ ያያል እንጂ አይፈርድም

አስከሬን በሲቲ ስካን ከታየ ቢላዋ ምን ያደርጋል የሚሉ በርክተዋል። በስዊዘርላንድ የበርን ሐኪሞች ገላ ሳይቀደድ የአሟሟትን ምክንያት መፈለግ ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የሟቻችን ገላ አይነካብን ብሎ ለሚማጸን ቤተሰብ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ግን ሥዕል መቼ ዳኛ ሆነ?

የቱታንክሃሙንን ነገር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1968 የተነሣው ራጅ የራስ ቅሉ ውስጥ የአጥንት ስባሪ አሳየ። ብላቴናው ንጉሥ ጭንቅላቱን ተመቶ ተገደለ ተባለ፤ በ1998 ዙፋኑን የወረሰው ሰው በመጽሐፍ ተወነጀለ። በ2005 ሲቲ ስካን ሲነሣ ግን አጥንቱ የተሰበረው ንጉሡ ከሞተ በኋላ ሆኖ ተገኘ። ተወንጃዩ በሕይወት ያለ ሰው ቢሆንስ ኖሮ?

በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የእንግሊዝ ጥናት 182 አስከሬኖችን መርምሯል። ሲቲ ስካን የሰጠው የሞት ምክንያት በ32 በመቶው ላይ ከቢላዋው ውጤት ጋር በእጅጉ ተለያየ። የልብ ሕመምና የሳንባ ደም ሥር መዘጋት ካመለጡት መካከል ናቸው።

እንግዲህ መሣሪያው ይቅደም፤ ጥይቱንና ስብራቱን ያሳየን። ሐኪሙም ያላየውን አላየሁም ብሎ ይጻፍ፤ ሲጠራጠር ቢላዋውን ያንሣ። ሟች ይግባኝ አይልምና!