የጎረቤት ቋንቋ ለሰንበቴ ገበያ ሲሆን ያዋጣል፣ ለልጅ ሲሆን ግን?

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ልጁ እንግሊዝኛ እንዲማር ገንዘብ የማይሰስት ወላጅ ብዙ ነው። ማሾው ዋጋ ሲያወጣ የአስጠኚ ብር አስቀድሞ ይነሳል። አይፈረድበትም፤ ትምህርቱን በአማርኛ የጀመረ ልጅ ዘጠነኛ ሲገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው የሚጠብቀው። ቁርኣን ቤት የተላከው ልጅም ዓረብኛ ሲቀራ ዓመታት ይቆያል፤ ማንም አያጣድፈውም።

ያው ልጅ አፋን ኦሮሞ ወይም አፋርኛ ልማር ካለ ግን «ምን ሊያደርግልህ?» ይባላል።

እሑድ ሰንበቴ ገበያ የወረደ ሰው መልሱን በዓይኑ ያያል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ እዚያ ይገናኛሉ። ሻጩ የፍየሏን ጀርባ ዳብሶ በአማርኛ ዋጋ ይጠራል፣ ገዢው በአፋን ኦሮሞ ያጣጥልበታል፤ ደላላው ለሁለቱም በየቋንቋቸው ሹክ እያለ ያስማማቸዋል። ኮሚሽኗን ኪሱ የሚከታትም እሱ ነው። ቋንቋውን የለመደው ከትምህርት ቤት ሳይሆን አባቱን ተከትሎ ከብት ሲነዳ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለው አባት ልጁን ገበያ አያስከትልም፤ ቤት ቁጭ ብለህ አጥና ይለዋል።

ቋንቋ ከአባት ወደ ልጅ ሳይተላለፍ ሲቀር የሚሆነውን አካባቢያችን ይፋት በአርጎብኛ አይታዋለች። አብዛኛው አርጎባ ዛሬ አፉን የሚፈታው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አርጎብኛ ጸንቶ የቆየው እንደ ሾንኬ ባሉ ጥቂት መንደሮች ነው። የጎረቤትን ቋንቋ መልመዳቸው ጥፋት አልነበረም። የጎዳው የራሳቸው ከቤት መውጣቱ ነው።

በ2013 አጣዬ በግጭት ከተቃጠለች ወዲህ የጎረቤት ቋንቋ ስሙ ሲነሳ የሚከፋቸው ቤቶች አሉ። ሐዘንተኛን «ቋንቋ አስተምር» ብሎ መስበክ ነውር ነው። ያም ሆኖ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ዛሬም በሰንበቴ፣ በአጣዬና በከሚሴ ነው የሚያልፈው፤ ልጁም ነገ በዚያው መንገድ ይሠራል፣ ይነግዳል።

ለእንጀራም ቢሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ አፋርኛ፣ ሶማሊኛና ትግርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ተወስኗል። ስለዚህ ወላጆች በሚቀጥለው የወላጅና መምህር ኅብረት (ወመህ) ስብሰባ ላይ ስለ እንግሊዝኛ ማስጠኛ ክፍያ ተከራክረው ሲጨርሱ፣ ለአፋን ኦሮሞና ለአፋርኛ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይጠይቁ። እስከዚያው ደግሞ እሑድ እሑድ ልጆቻቸውን ሰንበቴ ይዘው ይውረዱ።